ትኩሳት አላት በይ

ራስ ምታትን የሚያከብር ሰው የለም። እግሩ የተሰበረ ሲመጣ ሰው መንገድ ይለቃል፤ ደም ያስመለሰውን ሰው ተሸክመው ይሮጡለታል፤ ራሴን አመመኝ ያለ ግን የሚያገኘው መልስ "እኔንም እኮ ያመኛል" ነው። በዚህ እኔም ከሌላው አልሻልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያገኘሁትን ሁሉ ስለምሰድብ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳትሉኝ፤ ማረሩን አውቃለሁ።

ልጄ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አስረኛ ክፍል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ አቃቂ በሰቃ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ አባቷ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከወሩ አብዛኛውን በስልክ ነው የምናገኘው። ራሷን ማመም የጀመራት ክረምቱ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ። ስትጎነበስ ይብስባታል፣ ስታስል ይብስባታል። "እማ፣ ከዓይኔ ጀርባ የሚገፋኝ ነገር አለ" ትለኛለች። "የሚገፋሽማ ስልክሽ ነው" እላታለሁ። ስልኳን ነጠቅኳት። ሳምንት ሙሉ ያለ ስልክ ራሷን አመማት። ከዚያ የሒሳብ ፈተና ስለደረሰ ነው አልኩ። ፈተናው አለፈ፣ ሕመሙ አላለፈም። ምች ነው ብዬ ዳማ ከሴ አሽቼ አስሸተትኳት። አፍንጫዋ ፈሰሰ እንጂ ራስ ምታቱ ወይ ፍንክች።

በሦስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሱቄን ዘግቼ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ባለሙያ ዘንድ ገባን። ምን ሆና ነው አለኝ፤ ራሷን ያማታል አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። "ውሃ ትጠጣ፣ ስልክ ትቀንስ፣ በደንብ ትተኛ።" ማስታገሻ ጽፎ ቀጣዩን ጠራ። ስልክ ቀንሺማ እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ብያታለሁ፤ ለዚህ ለዚህ ጋዋኑን አምጣውና እኔ ልልበሰው አልኩት። "እናት፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለኝ። እናትህ ብሆንማ እንዲህ አድርጌ አላሳድግህም ነበር። ይቺ ግን የመጣችልኝ ውጭ ከወጣሁ በኋላ ነው። የወሎ ሰው ምላሱ ማር ነው ይላሉ፤ የኔን የቀመሰ አይልም።

ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ የአንደኛ ፎቋን ጎረቤቴን አገኘናት። ይቺ ሴት የማታውቀው ቢሮ፣ የማታውቀው መስኮት የለም። የሆነውን ስነግራት ሳቀችብኝ። "ሞኝ ነሽ እንዴ? ራስ ምታት ብለሽ ማን ያይልሻል? ትኩሳት አላት በይ። ትኩሳት ካልሽ ደም ይወስዳሉ፤ ደም ከወሰዱ የሆነ ነገር አያጡም።" ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ምክሩ ወርቅ መሰለኝ። ወረዳ ለመታወቂያ ስሄድ "ነገ መንገደኛ ነኝ" እላለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ "ሕመምተኛ ይዣለሁ" እላለሁ። እውነት ትንሽ ካልጨመሩበት በር አያስከፍትም። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው የመከረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመለስን። አሁን የተቀበለችን ነርስ ሌላ ናት። ምን ሆና ነው ስትለኝ "ትኩሳት" አልኩ፤ ራስ ምታቱን አስከተልኩ። ሙቀቷን ለካቻት፤ ደህና ነው። "አሁን ትኩሳት የላትም" አለች። "አሁንማ ፓራሲታሞል አስውጬ ነው ያመጣኋት፤ ሲመሽ እንደ ምጣድ ነው የምትግለው" አልኳት። ተጠራጥራ አየችኝ። ወላሂ ልል ነበር፤ ፈራሁ፤ በአላህ ስም በሐሰት አልምልም። ስለዚህ የማይጎዳውን መሐላ መረጥኩና "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አልኳት። ልጄ ወደ እኔ ዞር ስትል በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ዝም አለች። ነርሷ ጻፈች፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሦስት ሳምንት። ትኩሳቱ ከላይ፣ ራስ ምታቱ ከታች።

የጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ዕቃ አልቆበት ነበርና ውጭ አሠሩ ተባልን። መንገዱን ተሻግረን አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። እዚያ ያለው ወጣት ወረቀቱን አነበበ፣ ደም አስወሰደ፣ ውጤቱን ይዞ ወጣና "ታይፎይድም ታይፈስም አለባት" አለኝ። "ሁለቱም?" "ሁለቱም።" አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በሽታው ስም አገኘ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ለአባቷ ደወልኩና "ተገኘ፣ ታይፈስ ነው" አልኩት። ለጎረቤቴም ስነግራት አገጯን ቀና አድርጋ "አላልኩሽም?" አለችኝ። ለታይፈሱ የታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ለአስር ቀን።

እኔ መድኃኒት ሰጥቼ ዞር የምል ሴት አይደለሁም። ኪኒኑን በእጄ አድርጌ፣ ውሃውን ይዤ፣ እስክትውጥ ፊቷ እቆማለሁ፤ ከዋጠች በኋላም "ምላስሽን አውጪ" እላታለሁ። በአምስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። "እማ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል" አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ "ስጎነበስ ትንሽ ጊዜ ይጨልምብኛል" አለች። ደም ማነስ ነው ብዬ ቀይ ሥር ጨመቅኩላት።

አስሩ ቀን ሲያልቅ ራስ ምታቱ ብሶ ነበር። ክሊኒኩ ሄጄ ያን ወጣት ከነነፍሱ ልበላው ደረስኩ። ሰዉ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩበት፤ ምን ዓይነት ሐኪም ነህ፣ መድኃኒትህ ልጄን ገደላት አልኩት። ስድቤን ጠጥቶ ጨረሰና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ "ትኩሳቱስ ለቀቃት?" አለ። ምን ልበል? ለቀቃት ብል ድናለች ይለኛል። አልነበራትም ብል ያ ሁሉ ጩኸቴ አፈር በላ። "የት ይለቃታል" አልኩት። "እንግዲያው ይደገም" አለና ጻፈ። ከአስር ቀን በኋላም እንደዚያው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ። ውሸት አንዴ ከወለዱት ቀለብ ይጠይቃል፤ እኔ በልጄ ጨጓራ እቀልበው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሱቅ ይዣት ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ከግራዋ ቆመው፣ የተማሪ ሹራብ አንስተው ዋጋውን ይጠይቋታል። እሷ ፊት ለፊቷን እያየች ዝም። ደገሙላት፤ ዝም። ወደ እኔ ዞሩና "ልጅሽ ንቃኝ ነው ወይስ አይሰማትም?" አሉኝ። "ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ንቀት ቤቴ አይታወቅም" አልኳቸውና ወደ እሷ ዞሬ በሰው ፊት የስድብ መዓት አወረድኩባት።

"አላየኋቸውም፤ አንቺን የሚጠይቁ መስሎኝ ነው" አለች።

"አጠገብሽ ቆመው?"

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። "እማ፣ ፊትሽ የለም" አለችኝ። "ጥቁር ነው። በቀኝ በኩል ጥጉ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ዙር ኪኒን ወዲህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ እኮ። ቀይ ሥር ጨመቅሽልኝ።"

ሽማግሌው ሹራቡን አስቀምጠው ወጡ። እኔ ሱቁን ልቆልፍ ተነሳሁ። ቁልፉ አልገባ ሲለኝ እሷ ናት ተቀብላ የቆለፈችው።

የዚያኑ ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ገባን። በመብራት ዓይኗን ሲያይ፣ ቆም ብሎ እንደገና ሲያይ ቆየ። እኔ የለመድኩት ሳያዩ የሚጽፉትን ስለሆነ የሚያይ ሰው ሳገኝ ፈራሁ። "የሁለቱም ዓይን ነርቭ አብጧል" አለኝ። "ጭንቅላቷ ውስጥ ግፊት አለ። ግራው ተጎድቷል፤ ካልተቀደመ ቀኙም ይከተላል። ቤት እንዳትሄጂ፣ ከዚህ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰጃት።" ስለ ትኩሳት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ከጥበቃው ተጣላሁ፤ ካርድ ክፍል ተጣላሁ፤ ወረፋዬን ከሚያልፍ ሰው ጋር ተጣላሁ። ያን ቀን ያልተሰደበ ሰው ካለ ያላገኘሁት ነው። ልጄ ተኛች። የጭንቅላቷ ፎቶ ተነሳ፤ ዕጢ የለም ተባለ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሐኪም መጣች፤ ከልጄ በብዙ የማትበልጥ መሰለችኝና እሷንም ናቅኳት። ከጀርባዋ ፈሳሽ ወስደን ግፊቱን እንለካለን፣ ይፈርሙ አለችኝ። ከአከርካሪ ውሃ የተቀዳለት ሽባ ይሆናል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። "ዓይኗን አጥፍታችሁ እግሯንም ልትቀሙኝ ነው? አልፈርምም" አልኳት። ክፍሉ ስድስት አልጋ ነው፤ አስታማሚው ሁሉ ምግቡን አቁሞ ያየኛል።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። የጤና ጣቢያውንና የክሊኒኩን ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጠች። "እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ትኩሳት ይላል" አለች። "ትኩሳትና ራስ ምታት አንድ ላይ ሲሆኑ ማጅራት ገትር ነው የሚያሰጋን። ፈሳሹን እንዳናይ ከከለከሉን ዝም ብለን አንጠብቅም፤ የማጅራት ገትሩን መድኃኒት በደም ሥሯ ዛሬውኑ እንጀምራለን።"

ሌላ መድኃኒት። ሌላ ዙር። አሁንም ለዚያው ለእኔ ትኩሳት። ልጄን አየኋት፤ ክንዷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

"ትኩሳት አልነበራትም" አልኩ።

"ምን አሉኝ?"

"ትኩሳት ኖሯት አያውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት። ቶሎ እንዲያዩልኝ ብዬ።"

ብትሰድበኝ በወደድኩ። ስድብ መመለስ እችላለሁ። እሷ ግን "ለታይፈሱ የተሰጣት ምን ነበር?" ብቻ አለችኝ። የኪኒኑን ማሸጊያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው። "ስንት ዙር?" "ሦስት።" ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ የጭንቅላትን ግፊት እንደሚጨምር ነገረችኝ። "ሕመሙ ከኪኒኑ በፊት ስለነበር መነሻው እሱ ነው ማለት አልችልም" አለች። "ግን ሳያባብሰው አልቀረም።" ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው እኔ ነኝ። ምላስሽን አውጪ እያልኩ ያስዋጥኳት እኔ፣ በየደረስኩበት የጮህኩት እኔ።

"አንቺስ" አልኳት ልጄን፤ ያኔም እንኳ ቁጣዬን የማሳርፍበት ሰው እየፈለግኩ ነበር። "እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

ክንዷን ከዓይኗ ላይ አላነሳችም። "የለኝም ብል ወደ ቤት ትመልሺኝ ነበር" አለች። "ፈርሚላቸው እማ።"

ፈረምኩ። ፈሳሹ ተወሰደ፤ ግፊቱ ከፍ ያለ ነበር፤ ማጅራት ገትር አልተገኘም። ኪኒኑ ቆመ፤ ግፊት የሚቀንስ ተሰጣት። ሽባ አልሆነችም። ራስ ምታቱ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ሄደ። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ። ግራው የሄደበት አልተመለሰም፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ፊት አትለይም። ለአባቷ በስልክ ሁሉንም ስነግረው ድምፁ ጠፋ። ኔትወርኩ ነው ብዬ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስል ቆየሁ። "አለሁ" አለኝ በመጨረሻ። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ይዤ ምክርሽ ልጄን ምን እንዳደረጋት እዪ ብላት "እኔ? እኔ እንዲህ ብዬሻለሁ?" አለችኝ። እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም። ብትል ባትል፣ አፉ የኔ ነበር።

አሁን አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። በየሦስት ወሩ ለክትትል እንሄዳለን። ባለፈው ስሟ ሲጠራ እንደልማዴ ወረቀቶቹን ይዤ ቀድሜ ተነሳሁ። ፋይሉን ከእጄ ወሰደችና "አንቺ እዚህ ቆዪ" አለችኝ። "አብሬሽ ልግባና ላስረዳልሽ እንጂ" አልኳት።

"አይ" አለች። "አንቺ ትኩሳት ትጨምሪያለሽ።"

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልሳቀችም። ገብታ በሩን ዘጋችው።