ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርድ ጉንፋን

ዛሬ ጠዋት በሰኞ ገበያ በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ቅጠል ሻጭ ዳማ ከሴዋን በመዳፏ አሽታ ወደ ፊቴ ስታስጠጋልኝ፣ ሳምንት ሙሉ ጉንፋን የደፈነው አፍንጫዬ ተከፈተና፣ ወላሂ፣ እዚያው ገበያው መሀል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ሌላው ሰው ዳማ ከሴ ሲሸተው ምችና ራስ ምታት ነው ትዝ የሚለው፤ የእኔ ልብ ግን ለጉዞ እንደተነሳ ሰው ይደልቃል። በእኛ ቤት ጉንፋን የያዘው ልጅ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ አባቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድና እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ቀርተናል። አባቴ በወር አንዴ ብቅ ይልና ሳልጠግበው ይመለሳል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ብቻ ቢሆንም፣ እናቴ ተማሪ ልጅ ያለ ምክንያት ከቤት አይርቅም ባይ ነበረች። ምክንያት ብላ የምትቀበለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጉንፋን። የደሴ ብርድ ያመጣውን የኮምቦልቻ ሙቀት ይወስደዋል ብላ፣ የሚያስነጥሰውን ልጅ በጎረቤታችን በሾፌሩ በጋሼ መኮንን የጭነት መኪና ጭና ወደ አባቱ ትልከዋለች።

ባለ ዕድሉ ሰይድ ነበር። ያ ልጅ በር ሲከፈት ያስነጥሳል፣ በር ሲዘጋ ያስነጥሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሦስት ጊዜ ወርዶ፣ ሦስቴም ጉንጩ ሞልቶ፣ ኪሱ በብርቱካን አብጦ ተመለሰ። አባባ ትከሻው ላይ አድርጎ ቦርከና ወንዝ ዳር እንዳዞረው፣ ማታ ማታ ሬዲዮ እየሰሙ አብረው እንደሚያንቀላፉ ሲያወራልኝ በቅናት እበግን ነበር። እኔን ደግሞ ጉንፋን ጨርሶ ረሳኝ።

እናቴም ብትሆን ስትከላከል ለጉድ ነው። ጠዋት ሳልወጣ ነጭ ሽንኩርት በማር ታስውጠኛለች፤ አንገቴን በሻርፕ ትጠፍረዋለች፤ ጸጉሬ ሳይደርቅ ከደጅ አታስወጣኝም፤ ሰይድ ባስነጠሰ ቁጥር ኩባያውን ትለያለች፣ እጃችሁን ታጠቡ እያለች ቤቱን ታተራምሰዋለች። እኔ በበኩሌ ሻርፑን መንገድ ላይ ፈትቼ ደብተር መያዣዬ ውስጥ እወትፋለሁ፣ በማለዳ ውርጩ ላይ በባዶ እግሬ እቆማለሁ፣ የሰይድን ኩባያ ሰርቄ እጠጣለሁ። አልፎ ተርፎ ቁርስ ዳቦዬን ሰጥቼው ፊቴ ላይ እንዲያስነጥስብኝ ተዋዋልን፤ ዳቦዬን በላ፣ አስነጠሰብኝ፣ ምንም አልያዘኝም! አንድ ቀን ቢቸግረኝ ዓይኔን በሽንኩርት አሽቼ እያለቀስኩ ተኛሁ። እናቴ ግንባሬን ዳበሰችና የዳማ ከሴ ጭማቂ ጨምቃ አንድ ሲኒ ሙሉ አስጎነጨችኝ። አቤት ሲመር! ወዲያው ተሽሎኛል ብዬ ተነሳሁ።

በመጨረሻ የያዘኝ ተስፋ ቆርጬ ስተወው ነው። ለሠራተኞች በዓል ሰልፍ ልምምድ ተብለን ሜዳ ወጥተን፣ የበልግ ዝናብ እየወረደብን፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስንል ከሰዓቱን ዋልን። ደረታችንን ነፍተን፣ መፈክር እያሰማን፣ እስከ ካልሲያችን በሰበስን። በማግስቱ ስነቃ ጉሮሮዬ ይከረክራል፣ አፍንጫዬ ይንጠባጠባል፤ አስነጠስኩ። ሰይድ ሲቆጥር ሰባት ደረሰ። አብዮቱን ከልቤ ያመሰገንኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ጋቢናው ውስጥ በጋቢ ተጠቅልዬ ስወርድ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ጓ ሲል፣ ከመስኮቱ የሚገባው አየር በየመጠምዘዣው ሲሞቅ ይሰማኛል፤ ኬላ ላይ ፈታሹ ወዴት ነሽ ቢለኝ መልሴ ማስነጠስ ሆነና ጋሼ መኮንን እየሳቀ መለሰልኝ። አባቴ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተጣብቆ ሽማግሌ መስሏል። አንሥቶ ሲያቅፈኝ ንፍጤን ሸሚዙ ላይ ጠረግሁ።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ የኮምቦልቻ ሙቀት እውነትም መድኃኒት ሆነና በሁለተኛው ቀን ዳንኩ! ይመልሰኛል ብዬ ስለፈራሁ እሱ ከሥራ ሲገባ እየጠበቅሁ አስላለሁ። በሦስተኛው ቀን አላህ ሰማኝ መሰል፣ አባቴ ራሱ እያስነጠሰ ገባ። አስተላልፌበታለሁ። የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ተሰጠው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከአባቴ ጋር፣ ያለ ሰይድ፣ ያለ ፈረቃ!

ቤቱን ያዝኩት። እንደ እናቴ ወገቤን ይዤ አዘዝኩት፤ ሎሚ በሻይ ጠጣ አልኩት፣ ነጭ ሽንኩርት አኝክ አልኩት፣ ራስህን ሸፍን አልኩት፤ ያ ግዙፍ ሰው እሺ እያለ ታዘዘኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቡታጋዝ ላይ አፍልቶ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠና ለመታጠን አንድ ጋቢ ውስጥ ሁለታችንም ገባን። ጨለማ ነው፣ እንፋሎቱ ያቃጥላል፣ ላባችን ይንቆረቆራል፣ ግንባሩ ግንባሬን ይነካል፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ እስቃለሁ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሻርፑን፣ ውርጩን፣ የሰይድን ዳቦ፣ ድኜ ሳለሁ ማሳሌን። ግንባሬን በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝና፣

“አብሽሪ ልጄ። ጉንፋን ባይዝሽም ነይ” አለኝ።

እናቴን ምን ብሎ እንዳሳመናት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ጤነኛ ሆኜ ወረድኩ። ሰይድ ታመመም አልታመመም ቀናብኝ።

ዓመታት አለፉ። እናቴ ወደ አኼራ ሄደች፤ አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ የደሴ ብርድ ለደረቱ አልስማማው ብሎ፣ እዚያው ኮምቦልቻ ቀረ። እኔ ደሴ ወልጄ፣ ሥራ ይዤ፣ መቼ ትመጫለሽ ብሎ በደወለ ቁጥር ምክንያት አላጣሁም። እናም ቀላሉ ምክንያት የትኛው ሆነ? ጉንፋን! ጉንፋን ይዞኛል አባባ፣ አስተላልፍብሃለሁ፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ። ግማሹ ውሸት ነበር፤ ያሳፍረኛል። መጨረሻ የደወለ ጊዜ ሳል ሳል እያደረግሁ ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳቀና፣ ምን ችግር አለው፣ ይዞሽም ነይ፣ ሁለታችንም እንታጠናለን አለኝ። ሲሻለኝ አልኩት። በሳምንቱ የወረድኩት ለቀብሩ ነው።

ቅጠሌን ገዝቼ በመናኸሪያው በኩል ተመለስኩ። የሚኒባሱ ረዳት ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው እያለ ይጣራል። የእውነት፣ ከልብ የሆነ ማስነጠስ መጣብኝ።

“ይማርዎ እናቴ” አለኝ። “ይገባሉ? አንድ ሰው ነው የቀረን።”

እግሬ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ የለም፣ የምሄድበት የለኝም አልኩት፤ በሩን ዘጋና ሚኒባሱ ቁልቁል ወረደ።