ጥሬ ነው ብዬ የደፋሁት ጋርኔት

ጋርኔት የሚባል የከበረ ድንጋይ ስሙ ሲነሳ አሁንም ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ የምናደደው በድንጋዩ ነው፣ ቀጥሎ በገዢው፣ ከዚያ በወንድሜ። ወደ ራሴ ለመድረስ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ማን በራሱ ይጀምራል?

ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ቦረና ወርዶ ድንጋይ ሲቆፍር ቆይቶ ወደ ዲላ የተመለሰው፣ አብሮት የሚቆፍር ጓደኛው ላይ ጉድጓዱ ተደርምሶ ከሞተ በኋላ ነው። ይዞት የመጣው ግማሽ ከረጢት የማይሞላ ድንጋይ ብቻ ነበር። እናታችን እግሩ ላይ ወድቃ፣ አዎ፣ እናት ልጇ እግር ላይ ወድቃ፣ ዳግመኛ ጉድጓድ እንዳይገባ ለመነችው። እሱም ድንጋዩ ተሽጦ ባጃጅ የሚገዛለት ከሆነ ከዲላ ወናጎ ሰው እየጫነ እንደሚኖር፣ ካልሆነ ግን ሌላ የሚያውቀው ሥራ እንደሌለ ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ አልጋው ሥር ያለውን ከረጢት ሳታይ አትውልም ነበር።

ገዢው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው እናቴ ይርጋጨፌ ለቅሶ ሄደች። ወንድሜም "እታለም፣ እንዳለ ነው የምናሳያቸው፣ አትንኪው" ብሎኝ ባጃጅ ሊያይ ወጣ። አትንኪው ይለኛል እንግዲህ። ወርቃ ቡና ማጠቢያ አሥራ ሁለት ዓመት እሸት ስለይ የኖርኩትን ሴት።

እዚያ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀይ ይቀራል፣ አረንጓዴ ይጣላል። ቀዩ የበሰለ እሸት ነው፣ አረንጓዴው ጥሬ። አንድ ጥሬ ካመለጠሽ ካቦው ሰው ፊት ያዋርድሻል፣ እናትሽ ሳይቀሩ ይሰደባሉ። እጄ ይህን ተምሮ ዓይኔን ሳይጠይቅ ይለቅማል። ድንጋዩን ሰፌድ ላይ ዘርግፌ ባጥበው ደም የመሰለ ቀይ አለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ አለ፣ ብርቱካን የመሰለም አለ፤ መሀል መሀል ደግሞ ከባቄላ የማይበልጡ አረንጓዴዎች። ይህ ልጅ ከነጥሬው አቅርቦ ሊዋረድ ነው አልኩ በሆዴ። ቀዩን ለይቼ ከረጢቱ ውስጥ መለስኩና አፉን አሰርኩት። አረንጓዴውንና ብርቱካኑን አጥር ሥር ወደሚወርደው ቦይ ደፋሁት። ዝናብ ስለነበር ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ራት ልሠራ ገባሁ።

ገዢው ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ መጥተው ከላይ ከላይ ያሉትን በባትሪ እያበሩ አዩና "ይሄ ውዱ ቀይ ድንጋይ፣ ሩቢ የሚሉት አይደለም፣ ጋርኔት ነው። ቀዩ ደግሞ በየጉድጓዱ ሞልቷል" አሉ። እንደ ሽንኩርት በኪሎ ሊገዙን ነው። ወንድሜ ግን ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ ስለ ቀዩ ማን አወራ? አረንጓዴውን ይዩት እንጂ" ብሎ ከረጢቱን ገለበጠው።

ቀይ ብቻ ወረደ። እጁን ሰድዶ የከረጢቱን ማዕዘን ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጥሬውን ጣልኩት" አልኩ።

ሽማግሌው ሳቁ። እስከ ዛሬ የምጠላው ያንን ሳቅ ነው። እንባቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ ድንጋይ ምን ይበስላል? ሁሉም ጋርኔት ነው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቀይም፣ ብርቱካንም፣ አረንጓዴም ይወጣቸዋል። ውዱ አረንጓዴው ነው፣ እኔም እሱን ብዬ ነበር የመጣሁት" አሉኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔን ግን አወቅሽ ያለኝ እንኳ አልነበረም።

ንዴቴን ወንድሜ ላይ ተወጣሁት። ውዱ አረንጓዴው መሆኑን ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት።

"አትንኪው አልኩሽ እኮ" አለኝ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ።

ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእጄ ቆፈርኩ። ጎረቤቶቼ ምን ጠፋብሽ ሲሉኝ ቀለበት አልኳቸው። ያገኘሁት የጠርሙስ ስባሪ ነው። የቀዩ ዋጋ ደግሞ ለባጃጁ ጎማም አልሆነም።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ወንድሜ ልብሱን በቦርሳ ከቶ ጠበቃት። ተናግሬ ልገላገል አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "ሰውዬው በሉኝ፣ እማዬ። ጥሩ ጥሩውን አስቀርተው ተራውን ብቻ ገዙኝ" አላት። በዓይኑ ዝም በይ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ይህን ውለታ ማን ጠየቀው? ቢሰድበኝ፣ ቢያዋርደኝ፣ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ሽማግሌው ምንም አልበደሉንም። ሱቃቸው በር ላይ ሳልፍ "ልጄ፣ ደህና ነሽ? ወንድምሽስ?" ይሉኛል፤ መጠየቃቸው ራሱ ያናድደኛል። እናቴ በእሳቸው በር ማለፍ ትታለች፣ ገበያ የምትሄደው በኋላው መንገድ ዞራ ነው።

ወንድሜ ከሄደ ስድስት ወር ሆነው። ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል፣ ሳያገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ድምፁ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር እናቴ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። "ልጄን ወደ ጉድጓድ የመለሰብኝን የእጁን ስጠው" ትላለች ለፈጣሪዋ። እርግማን ብቻዋን አይሆንላትም፣ የሚቀበላት ፈልጋ ወደ እኔ ትዞራለች።

አሜን እላለሁ።