ግለ ሂስ ያፈረሳት ዋሻ

በደርግ ዘመን ከላፍቶ እስከ ለቡ ከመሬት በታች ያለውን አገር በሙሉ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። አገሬ እንግዲህ ከላፍቶ ቁልቁል ወንዙ ዳር ያለች፣ አርባ እርምጃ የማትሞላ አንዲት ዋሻ ናት። ሕዝቤም የሌሊት ወፍ ነው። "ዶሮ ያክላሉ" እያልኩ ሰፈሩን አስፈራራ ነበር፤ ቢበዛ አውራ ጣቴን ቢያክሉ ነው።

ቀበሌው ለአዳራሽ ግንባታ ድንጋይ ሲያስፈልገው ዓይኑ ዋሻዋ ያለችበት ገደል ላይ አረፈ። የጂኦግራፊ መምህራችን የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ሄደው ለመኑ። "የጀሞን ጤፍ ከተባይ የሚጠብቁልን እኮ እነዚህ ወፎች ናቸው። ይህ ከፈረሰባቸው የት ይግቡ?" አሉ። ሊቀ መንበሩ በአንድ ነገር ተስማማ፦ በጎ ፈቃደኞች ይጠብቋት፤ ጥበቃው ላልቶ ውስጧ እሳት ከነደደ ግን ድንጋዩ ለአዳራሹ ነው።

አምስት ተማሪዎች ጠባቂ ሆንን። አፏን በእሾህ አጠርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት እየሆንን እንገባለን፤ ወፎቹ እንዳይደነግጡ የባትሪውን መስታወት በቀይ ጨርቅ እንሸፍናለን። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን በየግላችን፣ ሳንነጋገር እንቆጥራለን። ቁጥራችን ካልገጠመ እንደገና ነው። የእኔ ጥንድ የልብ ጓደኛዬ ነበር። የእሱ ቁጥር ሁልጊዜ ትክክል፣ የእኔ ሁልጊዜ የበዛ።

"አንተ ጥላቸውንም ትቆጥራለህ እንዴ?" ይለኛል።

ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ማክሰኞ ለብቻዬ ሹልክ ብዬ ገባሁ፣ በደንብ ቆጥሬ ላሳፍረው። ሠላሳ እንኳ ሳልደርስ ባትሪው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ያቆረ ውሃ ውስጥ ገባ። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ክብሪት ጫርኩበት። ጭሱ ጣሪያውን ሲነካው ሕዝቤ በሙሉ በጠራራ ፀሐይ ተሰደደ፤ ገሚሱ ፊቴን እየመታ። ደግነቱ የቅዳሜው ቆጠራ ሳይደርስ ተመለሱ።

ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጬ የነገርኩት ለጓደኛዬ ብቻ ነው።

"እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም!" አለኝ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ የውይይት ክበብ አለብን። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ግለ ሂስ የሚሉት ነው። "ጥፋት የለብኝም" ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። እኔ በዚህ በኩል ሀብታም ነበርኩ፤ ለስድስት ወር የሚበቃ ስንቅ ነበረኝ። ጓደኛዬ ግን ጨዋ ልጅ ነው። ተራው ሲደርስ ተነሳ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፣ ላብ አጠመቀው።

"ጓዶች፣ ጓደኛዬ ዋሻው ውስጥ እሳት ማንደዱን እያወቅኩ ዝም በማለቴ ራሴን እሂሳለሁ።"

"ጥሩ ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ" አለው ሊቀ መንበሩ። ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ?"

"ሂሴን ውጫለሁ።"

"ዋጥ። ድንጋይ ፈላጮቹ ነገ ይገባሉ።"

ስንወጣ የጓደኛዬን ኮሌታ አነቅኩ።

"ምን ላድርግ?" አለ እንባው እየመጣ። "ባለፈው አርፍጃለሁ አልኩ። ከዚያ በፊት ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ አልኩ። የራሴ አለቀብኝ!"

"አለቀብኝ ብለህ ከእኔ ትበደራለህ?"

ቢመታኝ እችለው ነበር። ቢሰድበኝም እመልስለት ነበር። ምስጢሬን አውጥቶ፣ በእኔ ጥፋት ምስጉን ሆኖ መቀመጡ ግን አንጀቴን ቆረጠው። ትሙት ተብሎ የተማለባቸው እናቱ እንኳ በማግስቱ በሙሉ ጤንነት ገበያ ሲወርዱ አየኋቸው።

ሰኞ ዲጂኖና መዶሻ የያዙ ሰዎች ገቡ። ረቡዕ ዋሻዋ ጣሪያ አልነበራትም። ወፎቹ ወንዙ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ላይ በቀን ብርሃን ተንጠልጥለው ነበር፤ ጭልፊት እያነሳ ይወስዳቸዋል። መምህራችን የቆጠራውን መዝገብ እንደያዙ ደረሱ። በስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ቀበሌያቸው ሌላ ነው፤ እሳት መንደዱን ብቻ ሰምተዋል።

"እሳት ያነደደው ማነው?" አሉኝ።

ጓደኛዬ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል። ይሰማል።

"እሱ ነው" አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁ።

ጓደኛዬ በዚህ ጊዜ ምስጢሬን ጠበቀልኝ። መምህራችን "ከአንተ አልጠበቅኩም" አሉት። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እስኪዛወሩ ድረስም ሰላምታውን አልተቀበሉትም። እኔን ግን ባገኙኝ ቁጥር እያቆሙ ያጽናኑኝ ነበር። ውሸቴን ነው ብዬ አልነገርኳቸውም።