የአጎቴ ጎዶሎ ጉትቻ

ወንድሜን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

አጎቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ የብር ጌጥ ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጥንድ ጉትቻ ብቻቸውን ሠርተው አያውቁም። አንዱን ይሠሩና በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወደ ስደተኞች ካምፕ በሚሄድ ሎሪ ለወዳጃቸው ይልካሉ። ወዳጃቸው ከትግራይ የመጡ አንጥረኛ ናቸው። ሁለተኛውን እኚህ ወዳጃቸው በራሳቸው ሐሳብ ይሠሩታል፤ አጎቴ ጨረቃ ቢልኩ እሳቸው ቅጠል ይመልሳሉ። ገዢ «አይመሳሰልም» ብሎ ሲያጉረመርም አጎቴ ይቆጡ ነበር።

«ደብዳቤ ለጻፈልህ ሰው ያንኑ ገልብጠህ ትልክለታለህ? መልስ ትጽፍለታለህ እንጂ!»

ሲሞቱ ያልተላከ አንድ ጉትቻ መሥሪያቸው ላይ ቀረ። ወንድሜ ሌላ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል አሠራበት።

«ለአርባቸው አድርጊው» አለኝ። እኔም ቂሏ አደረግሁት።

ወዳጃቸው ከካምፕ መውጫ ፈቃዱን፣ ተስሪሁን፣ ተከልክለው ለቀብሩ አልደረሱም፤ የመጡት ለአርባው ነው። ጆሮዎቼን ተራ በተራ አዩ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን መለሰው?» አሉኝ።

ቅጂውን እዚያው አውልቄ ወንድሜ እጅ ላይ ወረወርሁት።

«ኸላስ፣ በቃ! አጎታችን የሉም። በአንድ ጆሮ ልትሄጂ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

አዎ፣ በአንድ ጆሮ እሄዳለሁ! ሽማግሌው አንጥረኛ የአጎቴን ጉትቻ ደጋግመው አይተው «ጊዜ ስጪኝ» ብለውኛል።

ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሰዉ ሁሉ «እህት፣ አንዱ ጉትቻሽ ወድቋል» ይለኛል።

አልወደቀም! መልሱ ገና አልመጣም።