እትዬ ራህማና የጠፋው የዲስክ ቦታ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ማስረጃ ኮፒ ለማስደረግ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ለዚያች ወረቀት ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እግሬ ዝሏል። መብራት ሄደና ቆይቶ መጣ። ማሽኑ እንደገና ሲሞቅ የተነሣው የቀለምና የጋለ አቧራ ሽታ እትዬ ራህማን ፊቴ አመጣቸው።

የእትዬ ራህማ ጽሕፈት ቤት ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ባለቤታቸው ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ በጣውላ ተከፍሎ ግማሹን እሳቸው ይዘውታል። አንድ ኮምፒውተር፣ ጀርባው የጎበጠ ወፍራም ስክሪን፣ በጥልፍ ጨርቅ የሚሸፈን ኪቦርድ ነበራቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ስለማይሰማ፣ የሚያስጽፈው ሰው ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ይናገራል። ቤተሰባቸው ከወሎ የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ እንደ አገሬው አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። አባቴ ለሚያስጽፈው ነገር እሳቸውን የመረጠው ለዚህ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። በማስተማር ዘመኑ ማንኪራንና ዙሪያውን ያለውን ጫካ በእግሩ ሲዞር የዛፎቹን ስም፣ ንብ የሚወደውን አበባ፣ ለቁስል የሚሆነውን ቅጠል ከሽማግሌዎች ሰምቶ በቃሉ ይዟል። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዕር መያዝ አቃተው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየሄደ እሱ ይናገራል፣ እትዬ ራህማ ይጽፋሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላደርሰው እገባና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ቁጥርና የራሱ ገጽ ነበረው። ሁለት ክረምት አለፈባቸው። ሲያልቅ በአንድ ላይ እናትመዋለን ብለው ስለተስማሙ ወረቀት ላይ የወጣ ነገር አልነበረም።

ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሰዉ በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ እትዬ ራህማን ያስቸግራቸው ጀመር። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት፣ ዲስኩ ለሁለት ቢከፈልና ፕሮግራሙ ለብቻ፣ ሥራው ለብቻ ቢቀመጥ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል አላቸው። ምክሩ ደግ ነበር። ታዲያ ክፍፍሉ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፤ የመጠባበቂያው ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ አርባ ጊጋ የነበረው ዲስክ ስድስት ብቻ አሳየ። የአባቴ ጽሑፍ ከቀረው ቦታ ጋር የገባበት ጠፋ።

ወጣቱ ላብ በላብ ሆኖ ሲነካካ ቆየና፣ “እትዬ፣ ቦታውን እመልስልዎታለሁ፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅ። በላዩ የነበረው ጽሑፍ ግን አብሮ ይጠፋል” አላቸው።

“እንግዲያው አትንካው” አሉት።

ከዓመት በላይ በዚያች በስድስቷ ጊጋ ሠሩ። የሠርግና የምርቃት ፎቶ ሲመጣላቸው ማሽኑ ሞላሁ ይላል። ሠርተው፣ አትመው፣ ወዲያው ይሰርዛሉ። ደንበኛው በማግስቱ ሌላ ሲፈልግ ከሀ ይጀምራሉ። ባለቤታቸው አስመልሺውና ዕረፊ ቢሏቸው አልሰሙም። ደንበኛውም እየሰለቸው ማዶ ወደተከፈተው አዲስ ቤት አዘነበለ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ተጭነው የሚቆዩት ነገር እስካሁን አይረሳኝም።

አንድ ቀን አባቴ፣ “ራህማ፣ ቦታሽን አስመልሺ። እኔ እንደገና እነግርሻለሁ” አላቸው።

ያን ሰሞን አባቴ ስሜ እየጠፋው በእህቱ ስም ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። “እሺ ጋሼ፣ ምን ያስቸኩለናል” ብለው ሻይ አዘዙለት።

ቆይተው ጅማ ውስጥ የጠፋ ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው እንዳለ ሰሙ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ላይ ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሳይገቡ፣ በጭቃ ጫማቸው በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። የተገኘው ከግማሽ ያነሰ ነበር፤ ገጹ ተደበላልቋል፣ አንዳንዱ ፊደል አራት ማዕዘን ሆኗል። ሰውየው ከዚህ በላይ እንደማይወጣ ሲነግራቸው ተስፋ ቆርጠው ዲስኩን አስጠርገዋል፤ አርባውም ተመልሷል። እናቴ እንኳን ቦታው ተመለሰልዎ ብትላቸው፣ “ቦታማ ሞልቷል” አሉ።

ከዚያ ከተረፉት ገጾች አንዱን ለአባቴ አነበቡለት። ንብ የሚወደው ዛፍ ነበር። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

“ይህን ማን ነገረሽ? ዐዋቂ ሰው ነው” አላቸው።

“አንድ መምህር ናቸው የነገሩኝ” አሉት፤ ወረቀቱንም ቀስ ብለው አጠፉት።

አባቴ የሚቀጥለውን ክረምት አላየም። እትዬ ራህማ የተረፉትን ገጾች አንድ በአንድ አቃንተው አትመው ጠረዟቸው። የጠፉትን ግን አልዘለሏቸውም፤ ቁጥራቸውን ከላይ ጽፈው ባዶ ገጽ በየተራቸው አስገቡላቸው። ከዋጫም ሆነ ከሺሺንዳ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ወረፋው እስኪደርስ ጥራዙን ያነቡለትና እዚህ ውስጥ የሌለ ዛፍ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት ነበር።

እሳቸውም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ጥራዙን ያመጣችልኝ ልጃቸው ናት። ከባዶዎቹ ገጾች አሥራ አንዱ ተሞልተዋል፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ ከሥር የነጋሪው ስምና ቀበሌው ሰፍሮ። የቀሩት ገና ነጭ ናቸው።