አፉ ያልጸዳው ዛጎል

ሐኪሟ እንላታለን። በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ወደ ሙዚየሙ ከመምጣቷ በፊት የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች፤ አሁን ደግሞ ድንጋይ ሆነው የቀሩ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን አፍ በመርፌ ታጸዳለች። አውቶቡስ ነጂው ባሏ፣ “ሚስቴ ሥራ አልቀየረችም፤ ታካሚዎቹ መጮኽ ተዉ እንጂ” ይላል። እኔ የመሳቢያዎቹ ቁልፍ ያዥ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ፤ ወሬም እወዳለሁ፣ አልዋሽም።

በእነዚህ ዓመታት እሷ አጸዳች፣ ሌሎች ጻፉ። በማታ ተምራ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ግን ቆረጠች፤ አንድ አዲስ ዝርያ ራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጻ፣ ስም አውጥታለት፣ በራሷ ስም ልታሳትም። የገላጩ ስም ከዝርያው ስም ጎን ተጽፎ ይኖራል፤ ማንም አይፍቀውም። ይህን ፈለገች፤ መፈለጓንም አልደበቀችም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ “ነይማ እይ” ብላ ጠራችኝ። አውራ ጣት የምታህል ዛጎል ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጣለች። በአፏ ውስጥ፣ መሐል ባለው ምሰሶ ላይ፣ ሦስት እጥፋት ይታያል። ይህቺን የሚመስሉ አርባ ዛጎሎች መሳቢያ ውስጥ አሉን፤ ሁሉንም ያጸዳቻቸው እሷ ናት፤ አንዳቸውም ከሁለት እጥፋት በላይ የላቸውም።

“ይቺ ሌላ ዝርያ ናት” አለች። ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

አርባዎቹ የሚጠሩበትን ስም ያወጡት የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ዛጎል አግኝተው፣ ገልጸው፣ ስም ሰጧት። ያቺ የመጀመሪያዋ ዛጎል ቀይ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። በሙያው ሕግ ስሙ የዚያች ዛጎል ነው፤ ሌሎቹ በዚያ ስም የሚጠሩት እሷን ስለመሰሉ ብቻ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧት። “አንቺ ልጅ፣ ስድስት ጣት ያለው ልጅ ተወለደ ተብሎ አዲስ ጎሣ አይቋቋምም።”

“እሺ፣ እንግዲያው ከቀይ ሣጥኗ ጋር ላስተያያት። የዚያችኛዋ አፍ ግማሹ በድንጋይ የተደፈነ ነው። ይፍቀዱልኝና ላጽዳው።”

ያቺን ዛጎል በመርፌ መንካት ምን ቆርጦን። ብትሰበር ምትክ የላትም። ጋሼ ተቆጡ፤ እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ሦስት ቀን በተከታታይ ጠየቀች። በአራተኛው ቀን፣ “ብትሰብሪያት እዚህ ቤት እንዳላይሽ” ብለው ፈቀዱ። ቁልፉን አዙሬ ቀይ ሣጥኑን ከፈትኩላት።

አምስት ቀን ፈጀ። በመርፌው ጫፍ አንድ ፍሬ አሸዋ ትነቅላለች፣ በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትነቅላለች። ጋሼ በየሰዓቱ በበሩ ያልፋሉ። ወዴት ነው ስንላቸው መጸዳጃ ቤት ይላሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ያለው በወዲያ በኩል ነው። በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መርፌውን አስቀመጠች። ፊቷ ጠቁሯል።

“ምነው? ተሰበረች እንዴ?”

“ሦስት ነው” አለች።

ቶሎ አልገባኝም፤ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የቀይ ሣጥኗ ዛጎል ራሷ ባለ ሦስት እጥፋት ከሆነች፣ ስሙ የባለ ሦስቶቹ ነው። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላ የደከመችባት ዛጎል የጋሼ ሆና ቁጭ አለች። ጋሼም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ነው ብለው ጽፈዋል፣ አስተምረዋል፤ ሦስተኛውን ድንጋይ ሸፍኖባቸው። መልሰሽ ድፈኚው ልላት ቃጥቶኝ ነበር።

እሷ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። “ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ።”

ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። “ሦስት ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። “ወጣት ነበርኩ፤ ቸኮልኩ። እርማቱን እኔው እጽፈዋለሁ።” ከዚያ ቀና ብለው መሳቢያዎቹን አዩ። “ታዲያ አርባዎቹ ስም የላቸውም ማለት አይደል?”

“የላቸውም።” ይህን እሷም ያሰበችው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ፊቷ በራ። “እኔ እገልጻቸዋለሁ።”

ብርቋ ዛጎል ለእሳቸው፣ ተራዎቹ አርባዎች ለእሷ ደረሱ። ሐኪሟ ቅር አላላትም፤ አርባ ማስረጃ ያለው ዝርያ ማንም ባለ ስድስት ጣት አይለውም።

“በእርስዎ ስም ልሰይመው?” ብላ ነካካቻቸው።

“ተዪኝ እባክሽ፤ ያሳተምኩት ስህተት ይበቃኛል።”

መጋዘን ውስጥ ገና ያልጸዱ ሁለት ካርቶን ዛጎሎች ነበሩ። የትኛው ባለ ሁለት፣ የትኛው ባለ ሦስት እጥፋት እንደሆነ ሳይለይ ማንም አንድ መስመር ሊጽፍ አይችልም። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ካርቶኑን ራሳቸው ጎተቱ፤ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡና መርፌ ጠየቁ። ጥቂት እንደሠሩ እጃቸውን አየችው።

“አይጫኑት ጋሼ፤ ይሰብሩታል። መጀመሪያ ዳር ዳሩን።”

“እሺ” አሏት፤ ዳር ዳሩንም ጀመሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህቺን ቃል ለእሷ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።