አራት ቋጠሮ

ከሰዓት በኋላ ድሬ ዳዋ በሙቀት ስትፈዝ፣ ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ አንዲት ወተት ሻጭ ባዶ ጀሪካኗን አጠገቧ አስቀምጣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሚኒባስ ትጠብቃለች። እኔም እዚያው እጠብቃለሁ። ስሟን አላውቅም። ትከሻዋ ላይ የምትጥለው ሻርፕ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ለቋል፤ ጫፉ ላይ አራት ቋጠሮ አለ። የሸጠችበትን ብር ከፋፍላ በሦስቱ ታስገባና መልሳ ታስራቸዋለች።

ትናንት አጠገባችን የሚቀመጥ ማንጎ ሻጭ፣ "እናቴ፣ አንድ ልላጥልሽ?" አላት።

"የዛሬዬን ጨርሻለሁ።"

"አቦ፣ ይሄ ሁሉ ባንክ ሻርፕሽ ላይ ተንጠልጥሎ!"

"የኔ መሰለህ? ይሄ የቤት ኪራይ ነው፣ ይሄ የዱቄት፣ ይሄ የመኪና። ወላሂ፣ ድሮ ሁሉም አንድ ላይ ሳለ አከራዬ ደጅ ላይ ሲያስል እንኳ እደነግጥ ነበር።"

ስለ አራተኛው ምንም አላለች። ሳይፈታ ከመክረሙ የተነሳ እንደ ጠጠር ደርቋል። ጣቷን እሱ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ነፋሱ ሻርፑን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ቋጠሮዎቹ አብረዋት የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር።

እኔ ብሬን በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ነው የምይዘው። ኪራይ ለመክፈል አምስት ቀን ቀርቶኛል፤ እንዳይጎድል እየፈራሁ ፌስታሉን ሳልፈታው ሰነበትኩ። እሷ ስትተኛ ግን ፈታሁት። የኪራዩን ለይቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ሁለት መቶ ብር ይጎድላል። ሁለት መቶ ብቻ።

ጣቴን ቋጠሮው ላይ እንዳሳረፍኩ እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሚኒባሱ ሲመጣ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት።